ግማሽ ሰዓት ለትርሲት

ልሙት! ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ከተገኘች ዕድሜዬ እዚሁ ላይ ይቆረጥ፣ የቀረችኝም ጥርስ ትርገፍ። ያየሁትን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያላየሁትን ካየ ሰው ሰምቻለሁ።

ትርሲት የምትባል ሴት ነበረች። ከከተማው ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ ብሎክ ስምንት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሦስት ዓመት ልጇን ኤልዳናን ይዛ ትኖራለች። የልጅቷ አባት "መጣሁ" ብሎ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን እየመጣ ነው። ትርሲት የምትሠራው ከቤቷ ነው። ዕቃ ለሚያመላልስ ድርጅት የደንበኞችን ስሞታ በስልክ ትቀበላለች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ ጉልበቷ ላይ ላፕቶፕ፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ "ክቡር ደንበኛችን፣ ምን ልታዘዝ?" ስትል ደንበኛው ይሰድባታል፣ ልጅቷ ፀጉሯን ትጎትታለች፣ ድስቱ ይገነፍላል።

ድካሟን ልንገራችሁ? የዓይኗ ቆብ ከመክበዱ የተነሣ ስትራመድ ወደ ፊት ይጥላት ነበር። ሻይ ውስጥ ጨው፣ ወጥ ውስጥ ስኳር መጨመሯን እንተወው። አንድ ቀን ልጅቷ "እማዬ፣ ራበኝ" ስትላት "ጥያቄዎ ተመዝግቧል፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ምላሽ ያገኛሉ" ብላ መለሰች። ልጅቷም ቁጭ ብላ ጠበቀች። የሰፈሩ ሰው ግን ምን ይላል መሰላችሁ? "ታድላ! ቤቷ ተቀምጣ ደመወዝ ትበላለች!"

ደንበኛ እያናገረች ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ጥሏታል። በሁለተኛው ጊዜ ማንኮራፋቷ ተቀድቶ ለአለቃዋ ደረሰ። አለቃዋ ናትናኤል ይባላል፤ በዕድሜ ብዙዎች ይቀድሙታል፣ በድምፅ ግን ማንም አይቀድመውም። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ደወለላት።

"ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ራሴ በስልክሽ እደውላለሁ። እንደ ተናደደ ደንበኛ ሆኜ እፈትንሻለሁ። ካላነሳሽ፣ ወይም እንደ ባለፈው ካንኮራፋሽብኝ፣ ላፕቶፑን መልሺ።"

"ናቲ፣ ልጄን እኮ አሟት ሦስት ቀን ሙሉ..."

"እሱ የግል ጉዳይ ነው፣ ትርስዬ።"

ሰዓቱ ስምንት ሆነ። የጠዋቱ ሥራ አበቃ፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሁለት ሰዓት አላት። ትርሲት ከዓለም ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ዓይኗን ከድና ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ከተኛች አሥር ሰዓት ላይ እንደ ሰው ታወራለች። ካልተኛች ሥራው ሄደ፤ ከሥራው ጋር ቤቱ፣ ከቤቱ ጋር ደግሞ... እሱን አላሰበችውም። ማሰብም አቅም ይጠይቃል።

"ኤልዱዬ፣ ነይ እንተኛ።"

"አልተኛም።"

"ለምን የኔ እናት?"

"ቢጫዬ የለችማ!"

ቢጫዬ የምትላት ብርድ ልብሷን ነው። ጫፏን አፏ ውስጥ ካላደረገች ይህች ልጅ ለንጉሥም ቢሆን አትተኛም። ብርድ ልብሷ ደግሞ ጠዋት ምስር ወጥ ተደፍቶባት ሳፋ ውስጥ በሳሙና ተዘፍዝፋለች። ትርሲት ጫፏን ጨምቃ ሰጠቻት። ልጅቷ አንዴ መጠጥ አድርጋ ተፋችው። "ሳሙና ሳሙና ትላለች!" አለችና አለቀሰች።

ትርሲት ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። "ብርድ ልብሴ፣ በናትሽ ውጪልኝ።" እንቅልፍ ያጣ ሰው ዕቃ ሲናገር ይሰማል፤ ብርድ ልብሷም ከአረፋው ውስጥ ተናገረች። "ሳልለቀለቅ አልወጣም።"

ብርድ ልብሷ አትወጣ፣ ልጅቷ አትተኛ፣ ትርሲት ዓይኗን አትከድን!

ወደ ቧንቧው ሄደች። "ቧንቧዬ፣ ብርድ ልብሷን ለቅልቅልኝ።" ከፈተችው። ቧንቧው እንደ አስም በሽተኛ ሳለ፣ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ፣ አንድ ጉንዳን ተፋና ዝም አለ። "ከየት አምጥቼ? ዘጠኝ ቀኔ ነው ከደረቅኩ። ሮቶውን ጠይቂ።" እውነቱን ነው። ከሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ውሃ የሚባል ጠፍቷል፤ ትርሲት ቤት የነበረውም ጠዋት ሳፋው ውስጥ ገብቶ፣ የቀረችው ለልጅቷ መጠጥ የተቀመጠች ሁለት ብርጭቆ ናት።

ቧንቧው አይወርድ፣ ብርድ ልብሷ አትወጣ፣ ልጅቷ አትተኛ፣ ትርሲት ዓይኗን አትከድን!

ልጅቷን አዘለች። ልትወጣ ስትል ልጅቷ "ቢጫዬንስ?" ብላ ጮኸች፤ ስለዚህ ሳፋውንም ከነአረፋው ታቀፈች። አራት ፎቅ ወረደች። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንዴ ተኝታ አንዴ ነቃች፤ ልሙት፣ ሰባ ሁለት ደረጃ ነው! ከብሎኩ ኋላ በብረት ማማ ላይ ትልቁ ጥቁር ሮቶ ቆሟል። በጡጫ መታችው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። "ሮቶዬ፣ ለቧንቧው ውሃ ስጠው።" "ሆዴን አትሰሚውም እንዴ? ባዶ ነኝ። ፓምፑ ካልገፋልኝ ከየት እሞላለሁ?"

ሮቶው አይሞላ፣ ቧንቧው አይወርድ፣ ብርድ ልብሷ አትወጣ፣ ልጅቷ አትተኛ፣ ትርሲት ዓይኗን አትከድን!

ፓምፑ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ አየችው፤ አቧራ ለብሶ፣ እጁን አጣጥፎ እንደ ጡረተኛ ተቀምጧል። "ፓምፔ፣ ለሮቶው ግፋለት።" "እኔ ምን አውቄ? ካስነሱኝ እነሳለሁ። ቁልፌ ዘበኛው ወገብ ላይ ነው።"

ፓምፑ አይገፋ፣ ሮቶው አይሞላ፣ ቧንቧው አይወርድ፣ ብርድ ልብሷ አትወጣ፣ ልጅቷ አትተኛ፣ ትርሲት ዓይኗን አትከድን!

ዘበኛው ጋሽ ደጀኔ በሩ ላይ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ቁልፉን በሦስት ገመድ ከቀበቷቸው ጋር አስረውታል።

"ጋሽ ደጀኔ፣ በሞቴ ፓምፑን ያስነሱልኝ። ለአምስት ደቂቃ።"

"ያለ ወረቀት?"

"የምን ወረቀት?"

"አልሰማሽም እንዴ ልጄ? ባለፈው አንዱ ያለ ተራው አስነስቶ ሞተሩን አቃጥሎብን አልነበር! ሞተሩ ተጠግኖ ሲመለስ መመሪያ ወጣ። የነዋሪዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልመጣ አልነካውም። ይኸው ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ፤ ወረቀቱ አልመጣም።"

"ለዚች ልጅ ሲሉ..."

ጋሽ ደጀኔ ልጅቷን አዩአት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ለሷማ ነፍሴን ውሰጂ" አሉ። "ቁልፉን ግን አልሰጥም።"

ዘበኛው ቁልፍ አያዞሩ፣ ፓምፑ አይገፋ፣ ሮቶው አይሞላ፣ ቧንቧው አይወርድ፣ ብርድ ልብሷ አትወጣ፣ ልጅቷ አትተኛ፣ ትርሲት ዓይኗን አትከድን!

የሊቀመንበሩ ቤት ብሎክ ሦስት ምድር ወለል ላይ ነው፤ ሰው ቢጠሩ የሚሰማበት ርቀት። ለትርሲት ግን መንገዱ እየተለጠጠ ሄደ። መሐል ላይ ከአንድ ደረጃ ጫፍ ቁጭ አለች። ሳፋውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አረፋውን ስታየው ቆየች። ልታለቅስ አሰበች፤ ከዓይኗ የወጣ ነገር የለም። ለካ እንባም ውሃ ይፈልጋል። ጀርባዋ ላይ ያለው ትንሽ ሰውነት እየተነጫነጨ ይወራጫል፤ ትርሲት "እሽ፣ እሽ፣ የኔ..." ብላ ጀመረችና ቆመች። የልጇ ስም ጠፋባት። ልሙት፣ ጠፋባት! ቀኝ ዞረች፣ ግራ ዞረች፣ የሺህ ደንበኛ ስም መጣላት፣ የልጇ ስም ግን የለም። ያን ጊዜ ፈራች። ሥራው ሄደ ብላ አይደለም የፈራችው። እዚህ ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች ብትቀር ይህችን ልጅ ከጀርባዋ የሚያወርድላት ሰው በዓለም ላይ ማን እንደሆነ አስባ፣ አንድም ስም አጣች።

"እማዬ" አለች ልጅቷ ከኋላ፤ "ኤልዱ እንቅልፏ መጣ።"

"ኤልዱ!" አለች ትርሲት። "አዎ። ኤልዱ።" ተነሣች።

ሊቀመንበሩ አቶ ጥላዬ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥም ክራባት ያስራሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌ ሲተኙም አይፈቱትም ይላሉ። በሩን የከፈቱት አቶ ጥላዬ ራሳቸው ናቸው። በፊታቸው ሳፋ የታቀፈች፣ ልጅ ያዘለች፣ ንፋስ እንደመታው ዛፍ የምትወዛወዝ ሴት አዩ።

"አቤት እህት?"

"ክቡር ደንበኛችን" አለች ትርሲት። "ይቅርታ። ክቡር ሊቀመንበር። ለፓምፑ ማኅተም ይምቱልኝ።"

"በምን ላይ?"

"በወረቀት ላይ።"

"ባዶ ወረቀት ላይ? እኔ?" ክራባታቸውን አስተካከሉ። "ሠላሳ ዓመት ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም አልመታሁም። መጀመሪያ የስብሰባው ውሳኔ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ይጻፋል፣ ጸሐፊ ይፈርማል፣ ከዚያ እኔ እመታለሁ። ውሳኔውማ ተወስኗል። የዛሬ ዘጠኝ ቀን እሑድ ተሰብስበን 'ፓምፑ ይነሣ' ብለናል። ጸሐፊዋ ግን አልጻፈችውም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋን አስገባት እንጂ በር ላይ ስብሰባ ትጠራለህ!" አሉ እትዬ ዘርፌ ከውስጥ።

ትርሲት ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። መዝገቡ አይጻፍ፣ ሊቀመንበሩ ማኅተም አይመቱ፣ ዘበኛው ቁልፍ አያዞሩ፣ ፓምፑ አይገፋ፣ ሮቶው አይሞላ፣ ቧንቧው አይወርድ፣ ብርድ ልብሷ አትወጣ፣ ልጅቷ አትተኛ፣ ትርሲት ዓይኗን አትከድን!

"ጸሐፊዋ የት ናት?" አለች። "ይንገሩኝ። ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።"

"እሷንማ እኛም አጣናት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ብቅ አላለችም፤ ኃላፊነት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። በሙሉ ድምፅ ነው የመረጥናት።"

"ስሟ ማን ነው?"

አቶ ጥላዬ መነጽራቸውን አድርገው ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ። "ትርሲት። ብሎክ ስምንት፣ አራተኛ ፎቅ።"

ከሳፋው አንድ የሳሙና አረፋ ወጥቶ በሁለቱ መሐል ተንሳፈፈና ፈነዳ።

"እኔ ነኝ" አለች ትርሲት።

"እ?"

"ትርሲት እኔ ነኝ።"

"ውይ በሞትኩት!" አሉ እትዬ ዘርፌ።

"ታዲያ ለምን አልመጡም?" አሉ አቶ ጥላዬ፣ ተቆጥተው።

"ማን ነገረኝ?"

"ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈናል!"

"ከቤት ከወጣሁ እኮ ዘጠኝ ቀኔ ነው።"

"እሱማ! ለዚያም አይደል የመረጥንዎት? ሌላው ሰው ሁሉ ሥራ አለው። እርስዎ ቤት ነው የሚውሉት ብለው ነገሩን።"

ትርሲት ሳቀች። ስትስቅ ሳፋው ተንቀጠቀጠ፣ ልጅቷ ተንቀጠቀጠች፣ በሩ ተንቀጠቀጠ፤ ብሎክ ሦስት ላይ ሁለት መስኮት ተሰነጠቀ ይላሉ። ከዚያ ሳቁ ሄደና ፊቷ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ነገሩ ሁሉ ታይቷታልና፤ ትርሲት ካልተኛች ጸሐፊዋ አትጽፍ፣ ጸሐፊዋ ካልጻፈች ሊቀመንበሩ ማኅተም አይመቱ፣ ዘበኛው ቁልፍ አያዞሩ፣ ፓምፑ አይገፋ፣ ሮቶው አይሞላ፣ ቧንቧው አይወርድ፣ ብርድ ልብሷ አትወጣ፣ ልጅቷ አትተኛ፣ ልጅቷ ካልተኛች ትርሲት ዓይኗን አትከድን፣ ትርሲት ካልተኛች... ዙሪያውን ሄዳ ሄዳ መጨረሻ ላይ የቆመችው የራሷ በር ላይ ነው፤ እዚያም በሩን የምትዘጋባት ራሷ ናት።

"አምጡት መዝገቡን" አለች።

እትዬ ዘርፌ ልጅቷን ከጀርባዋ አወረዱላት፣ ሳፋውን ተቀበሏት። አቶ ጥላዬ መዝገቡን ዘረጉ፣ እስክሪቢቶውን ክዳኑን ከፍተው ሰጧት። የግድግዳው ሰዓት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይላል። ሩብ ሰዓት! ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቀረም። ትርሲት አላየችውም፤ ብታየውም ቁጥር ማንበብ ከተዋት ቆይቷል።

"ይጻፉ" አሉ አቶ ጥላዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየተንጎራደዱ። "የስብሰባው አጀንዳ። አንድ፦ ፓምፑን በተመለከተ።"

ትርሲት ጻፈች፤ "ክቡር ደንበኛችን"። ሰረዘችው። እንደገና ጻፈች፤ "ፓምፑ ይነሣ"። ከዚያ ቀጥሎ እስክሪቢቶው ቃል ትቶ መስመር ጀመረ። መስመሩ ከመዝገቡ ጠርዝ ወጣ፣ የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ወረደ፣ በጠረጴዛው እግር አድርጎ ወለሉ ላይ ደረሰ። ጉንጯ መዝገቡ ላይ አረፈ።

"ተኛች እኮ!" አሉ አቶ ጥላዬ። "ቃለ ጉባኤ ላይ! ዘርፌ፣ ቀስቅሻት!"

"አንተ ቀስቅሳትና አይሃለሁ።"

"አልፈረመችም እኮ!"

"ያ ረጅሙ መስመር ምንድነው ታዲያ?"

አቶ ጥላዬ ጎንበስ አሉ። መስመሩን ከመዝገቡ እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ ወለሉ በመነጽራቸው ተከተሉት። ሠላሳ ዓመት ፊርማ ያዩ ሰው ናቸው። "የባሰ አይቻለሁ" አሉ ቀስ ብለው። ቀና ሲሉ የሴትየዋን ፊት በቅርብ አዩት። ምን እንዳዩበት አልተናገሩም። ማኅተማቸውን አወጡ፣ እስትንፋሳቸውን እፍ አሉበት፣ ከጉንጯ አጠገብ ባለችው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፉት። ሲመቱ ድምፁ ሦስት ብሎክ ድረስ የሚሰማላቸው ሰው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሳያሰሙ መቱ። መዝገቡን ከሥሯ ማውጣት ስላልተቻለ ጋሽ ደጀኔን ጠርተው በጣታቸው አሳዩአቸው። ጋሽ ደጀኔ ማኅተሙን አዩ፣ የተኛችውን አዩ፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡና ሮጡ።

ጸሐፊዋ ጻፈች፣ ሊቀመንበሩ ማኅተም መቱ፣ ዘበኛው ቁልፉን አዞሩ፣ ፓምፑ ገፋ፣ ሮቶው አጉረመረመ፣ ቧንቧው ወረደ፣ እትዬ ዘርፌ ብርድ ልብሷን ለቀለቁ፤ ጫፏንም ጨምቀው በካውያ አደረቁላት። ልጅቷ ጫፏን አፏ ውስጥ ከተተች፣ "ሳሙና አትልም" አለች፣ በእናቷ እግር ሥር ተጠቅልላ ተኛች።

ያን ጊዜ የትርሲት ስልክ ጮኸ። አሥር ሰዓት!

እትዬ ዘርፌ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አቶ ጥላዬ ግን ስልክ ሲጮህ ማየት የማይችሉ ሰው ናቸው፤ ሳያስቡት አነሡት።

"ዕቃዬ አልደረሰም!" አለ ናትናኤል፣ የተናደደ ደንበኛ ሆኖ። "ይሄ ምን ዓይነት ድርጅት ነው!"

"ማንን ነው የፈለጉት?"

"እ... ትርሲትን።"

"ወይዘሮ ትርሲት ስብሰባ ላይ ናቸው።"

ናትናኤል የልጅ ሕመም ነግረውት የግል ጉዳይ ነው ብሏል፤ ድካም ነግረውት ላፕቶፑን መልሺ ብሏል። ግን በዚህ ከተማ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ከተባለ በኋላ አንድ እርምጃ የተራመደ ሰው ተወልዶ አያውቅም።

"ይቅርታ ጌታዬ" አለ በሌላ ድምፅ። "ስብሰባው መቼ ያልቃል?"

"ስብሰባ መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል እንዴ? ነገ ይደውሉ።"

"እሺ ጌታዬ። ይቅርታ ጌታዬ። ሰላም ይበሉልኝ።"

ትርሲትም ግማሽ ሰዓት ተኛች። ሰው እየመጣ በበሩ አጮለቀ፣ "ውሃ መጣ!" ብሎ ሊጮህ የከፈተውን አፉን እየዘጋ ተመለሰ። በማግስቱ ናትናኤል ደወለ፤ አነሣች፤ ሥራው አልሄደም። ድካሙም አልሄደም። አባትየውም እየመጣ ነው።

ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። ጉንዳኑም፣ መስኮቶቹም፣ ወለል የደረሰው ፊርማም። አንዲት ነገር ብቻ እኔ ፈጥሬያለሁ፤ ልሙት ብያለሁና ሳልናዘዝ ብሞት አይበጀኝም። ግማሽ ሰዓት አልተኛችም። ሃያ ደቂቃ ላይ ልጅቷ ነቅታ "እማዬ፣ ሽንቴ" አለቻት፤ ትርሲትም ዓይኗን ሳትገልጥ ተነሣች። አሥሩን ደቂቃ እኔ ነኝ የጨመርኩላት። ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።